ቀለም ሳይነካው የቀና በር

መሪጌታ ሐብተ ማርያም ሞተው የተገኙት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚወርደው መንገድ፣ ከአንድ ጠመዝማዛ ሥር ካለ ገደል ውስጥ ነው። ያገኟቸው በማለዳ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። የግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ግንባራቸው ከፀጉራቸው ሥር እስከ ቅንድባቸው ተሰንጥቋል። በቅሏቸው ከነኮርቻዋ መንገድ ዳር ቆማ ሣር ትግጣለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ አዛውንት እንደ አሮጌ ቁርበት ተጥለው ማየት ያንገሸግሻል።

የአካባቢው ፖሊስ ግን ለመንገሽገሽ ጊዜ አልነበረውም። ሬሳው ገና ሳይነሣ ገዳዩን አገኘሁ አለ። ክንዱ የሚባል፣ ቤቱ ከመንገዱ በላይ ያለ ገበሬ፣ በሬው የደብሩን ሰብል በልቶበት ከመሪጌታ ጋር ተጣልቶ ነበር። ገበያ መካከልም «ቆይ፣ አንድ ቀን ያገኙታል!» ብሎ ዝቷል። በአገራችን የዛተ ገበሬ ከተገኘ ሌላ ገዳይ ፍለጋ የሚደክም የለም። ክንዱን የፊጥኝ አስረው ጎንደር አወረዱት። ስቅላት እንደሚጠብቀው እሱም፣ ሚስቱም፣ አሳሪዎቹም ያውቁ ነበር።

መቶ አለቃ ቢያዝን የተላከው እንግዲህ ገዳይ ሊፈልግ አይደለም፤ ምርመራውን ፈርሞ ሊዘጋ ነው። ቀጭን፣ ፊቱ ሁልጊዜ ኮምጣጣ ነገር የቀመሰ የሚመስል ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «ውሸት ሲሰማ ጨጓራው ይነሣበታል» እያሉ ያሾፉበታል። ቀልድ ነው፤ ግን ጭራሽ ቀልድ ብቻ አይደለም።

ሬሳው ሳይቀበር ደረሰ። ጎንበስ ብሎ የግንባሩን ቁስል ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን መቋሚያ አነሣ። እጀታው ከቀንድ የተሠራ ነው፤ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል።

«በምን መታቸው ነው የምትሉት?» ሲል የአካባቢውን አሥር አለቃ ጠየቀው።

«በዱላ ወይም በድንጋይ ነዋ። እሳቸውም በመቋሚያቸው ሲከላከሉ ተሰነጠቀ።»

«ዱላ ያሳብጣል፣ ድንጋይ ይጨፈልቃል። ይኸ ቁስል ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ክንዱ ገላ ላይስ የመቋሚያ ምት አገኛችሁ?»

«አላገኘንም።»

«ታዲያ ሽማግሌው ምንን ነበር የሚመቱት? ድንጋይ መትተው ቢሆን ቀንዱ ይፋቅ ነበር። ይኸ ተሰነጠቀ እንጂ አልተፋቀም። የመቱት ነገር ጠንካራ፣ ግን ልሙጥ ነው።»

መልስ የሰጠችው ደጅ ቆማ የነበረችው የክንዱ ሚስት ሽታዬ ናት።

«ምነው ጌታዬ፣ እኔን የሚሰማኝ ሰው ጠፋ?» አለች። «ያን ማታ ላማችን ምጥ ይዟት እኔና ክንዱ ከጋጣው አልወጣንም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከታች ማኪና ስትቆም ሰማሁ። ከዚያ ኳ ኳ ኳ የሚል፣ ቆርቆሮ የሚመታ የመሰለ ድምጥ መጣ። ወዲያው ማኪናዋ ሄደች።»

«ለፖሊስ ነግረሻል?»

«ነገርኋቸው። የነፍሰ ገዳይ ሚስት ሌላ ምን ትላለች አሉኝ። ሸጋ ሰው ነው ባሌ፣ ጌታዬ። አፉ ነው እንጂ ክፉ፣ እጁ ክፉ አይደለም።»

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት በእነዚያ ዓመታት፣ በዚያ መንገድ ሲመሽ የምታልፍ የቤት ማኪና እንደ ልብ አትገኝም ነበር። ያን ማታ ያለፈችው አንዲት ብቻ ናት፤ የፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ ጥቁር ማኪና። ፊታውራሪ ከሾፌራቸው ከባዬና ከንስሐ አባታቸው ከቄስ ወልደኢየሱስ ጋር ዳባት ተዝካር ውለው ወደ ጎንደር ይመለሱ ነበር።

ፊታውራሪ መቶ አለቃውን የተቀበሉት ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ ነው። ጣታቸው በጮማ ያብረቀርቃል። እያላመጡ ይናገራሉ፣ እየተናገሩም ያላምጣሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣውና የሚገባው መንገድ ላይ ይጋጫል።

«ስለ መሪጌታ ሰማሁ። ነፍስ ይማር። ና፣ ቁረጥ።»

«ጨጓራ አለብኝ፣ ፊታውራሪ። ያን ማታ መንገድ ላይ ቆማችሁ ነበር?»

«እኔ እንጃ! የተዝካሩ ጠጅ መልካም ነበር። ከዳባት እስከ ደጄ እንቅልፍ ነው የወሰደኝ። ማኪናዬን ጠርጥረህ ከሆነ ያቻትልህ፣ ሄደህ እያት። ቀለሟ እንኳ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው። ጭረት ካገኘህባት ጥራኝ።»

«አባ ወልደኢየሱስም ጠጥተው ነበር?»

«እሳቸው? ጠላ እንኳ በአፋቸው አልዞረ! በማግስቱ የደብራችን ንግሥ ነበርና እኔ ነኝ የምቀድሰው ብለው ታቅበው ዋሉ።» ፊታውራሪ ቢላዋውን ሥጋው ላይ ተከሉት። «ቢታቀቡስ ምን ዋጋ አለው! በማግስቱ አሳፈሩኝ። የጠራሁት መኳንንት ሁሉ እያየ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ብለው ከመቅደስ ቀሩ። ሌላ ቄስ ተለምኖ ገባ። የደብሩን እልቅና ላሰጣቸው ተዘጋጅቼ!»

መቶ አለቃው ይህን ሰምቶ ወደ ግቢው ወጣ።

ማኪናዋ ከአንድ ባሕር ዛፍ አጠገብ ቆማለች። ባዬ የሚባለው ሾፌር በጨርቅ ይወለውላታል። መቶ አለቃው ዞሮ ዞሮ አያት። የአዲስ ቀለም ሽታ የለም፣ የቀለም ልዩነት የለም፣ ጭረትም የለም። በእጁ ቢዳስሳት ሁሉም ልሙጥ ነው። ከኋላ ቀኝ በር ፊት ሲደርስ ግን ቆመ። በጥቁሩ ቀለም ላይ የባሕር ዛፉ ግንድ እንደ መስተዋት ይታያል። ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከመያዣው ብዙ ዝቅ ብሎ ወለም ይላል። መቶ አለቃው ራሱን ወዲህና ወዲያ ሲያደርግ ግንዱ ሌላም ቦታ፣ ደግሞም ሌላ ቦታ ተወላገደ።

«ባዬ፣ ይኸ በር ተሰርጉዶ ነበር?»

ጨርቁ ከባዬ እጅ ወደቀ። «ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ፣ ጌታዬ።»

«ማኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ ነበር?»

«ሌላ ይጠይቁኝ አልሁዎ።»

«ማን ነው አፍህን የዘጋው?»

«በዱላ የዘጋው ሰው ቢሆን እነግርዎ ነበር» አለ ባዬ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

በዚህ መካከል ቄስ ወልደኢየሱስ ከቤት ወጡ። ጥምጥማቸው የነጣ፣ ጥፍራቸው የጠራ፣ ድምፃቸውም ማር የተቀባ ነው። መሪጌታን ያውቋቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ወንድሜ ነበሩ። ኩሉ ኃላፊ ውእቱ፣ ልጄ፤ ሁሉም አላፊ ነው። እኔ ያን ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር። ያየሁት የለም።»

«በየትኛው በር በኩል ነበር የተቀመጡት?»

«ፊታውራሪ ባሉበት ቀኙ የማን ሊሆን ኖሯል?» አሉና ፈገግ አሉ።

መልስ አይደለም፤ ውሸትም አይደለም። እንዲህ ያለ ንግግር ከውሸት ይልቅ ያቅለሸልሻል፤ ውሸታም ቢያንስ ይደፍራል።

ከግቢው እንደ ወጣ መቶ አለቃው ወደ ፒያሳ ወረደ። እዚያ የሻው የሚባል ሰው ጣሊያን ጥሎት በሄደ ጋራዥ ውስጥ የተጣመመ የማኪና አካል ያቀናል፤ ከተማው ባትላሜራ ይለዋል። ጉራው ከመዶሻው ድምፅ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው።

«የፊታውራሪን በር ያቀናኸው አንተ ነህ?»

«ማን ነገረዎ? ሰው ሊያውቀው አይችልም እኮ!» የሻው ተናዶ ተነሣ፤ ወዲያው ደግሞ ኩራቱ አሸነፈው። «ቀለም አይንካው ተባልሁ። አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ከአሮጌውም ይለያል። ስለዚህ የበሩን የውስጥ ልባስ ፈታሁና፣ ጫፉ ላይ የተላገ ወይራ ያሰርሁበት ቆልማማ ብረት ሰደድሁበት። ስርጉዱን በመዶሻ ቢመቱት ቀለሙ ይፈረካከሳል። እኔ ግን ከውስጥ በኩል፣ ከዳሩ ጀምሬ በጥቂት በጥቂቱ እየገፋሁ አወጣሁት። እጅዎን ቢሰዱበት አያገኙትም!»

«አላገኘሁትም። ስርጉዶቹ ምን ይመስሉ ነበር?»

«ትንንሽ ናቸው፣ ሦስት። ከታች፣ ጉልበቴ ትይዩ። ልጆች ደብድበውት ነው አለኝ ሾፌሩ።»

«አመንኸው?»

«እኔ ቆርቆሮ ነው የማቀና፣ ነገር አላቀናም» አለና የሻው ሳቀ።

«መሪጌታ በዚያ መንገድ መሞታቸውን ሰምተህ ነበር?»

የሻው መሳቁን ተወ። ሰምቶ ነበር። መንገዱንም፣ ማታውንም፣ የማኪናዋን ባለቤትም አገናኝቶ አስቦት ነበር። አስቦም በሩን አሳምሮ ወለወለው።

እሑድ ጠዋት መቶ አለቃ ቢያዝን ወደ ፊታውራሪ ደብር ሄደ። ካህናቱ ለቅዳሴ ወደ መቅደስ ሲገቡ ቄስ ወልደኢየሱስ ከምእመናን ጋር ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አያቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ዲያቆን ጠጋ ብሎ አነጋገረው።

«አባ ወልደኢየሱስ ዛሬ ምነው አልገቡም?»

«ከንግሡ ወዲህ ገብተው አያውቁም። አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ወገቤን ይላሉ። ከዚያ በፊት አንድ እሑድ አያስታጉሉም ነበር።»

መቶ አለቃው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ማኪናዋ ተመለሰ። የቀኙን በር ከፍቶ የጠርዙን ጎማ በጩቤ ጫፍ ገለጥ አደረገ። ያየውን ባየ ጊዜ ፊቱን አዞረና ምራቁን ተፋ። ጎማውን ወደ ቦታው መልሶ ዘበኛ አቆመበት።

በማግስቱ ሁሉም በፊታውራሪ ግቢ ተሰበሰቡ። ፊታውራሪ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። አባ ወልደኢየሱስ አጠገባቸው ቆሙ፤ ባዬና የሻው ከማኪናዋ ዳር። ሽታዬም ተጠርታ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። መቶ አለቃው የፊታውራሪን ኩታ ተዋሰና የሻውና ባዬ ጥለቱን ወጥረው በበሩ ፊት እንዲይዙ አዘዘ።

«ፊታውራሪ፣ ጥለትዎ ቀጥ ያለ ነው?»

«ሸማኔዬ ጎበዝ ነው!»

«በሩ ላይ የሚታየውንስ ይዩት።»

ፊታውራሪ ጎንበስ አሉ። በጥቁሩ በር ላይ የሚታየው ጥለት ሦስት ቦታ ላይ ተወላግዷል። የሻው ከንፈሩን ነከሰ።

«የሻው እጁ አዋቂ ነው» አለ መቶ አለቃው። «ጣት የማያገኘውን አድርጎ ሠርቶታል። ግን አንዴ የተሰረጎደ ብረት እንደ ድሮው ለጥ አይልም፤ ዓይን ያገኘዋል። አሁን ከመጀመሪያው እንነሣ። መሪጌታ በበቅሏቸው ሲሄዱ ማኪናዋ ከጠመዝማዛው ድንገት ወጣች። በቅሎዋ ደነበረችና ጣለቻቸው፤ እግራቸው ተሰበረ። ይኸ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። ማኪናዋም ቆመች። ሽታዬ ሰምታለች።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ሽታዬ።

«ከዚያ ኳ ኳ የሚል ሰማች። ቆሞ በር የሚመታ ሰው መስኮቱን ነው የሚመታው። ስርጉዶቹ ግን ጉልበት ትይዩ ነበሩ። እንግዲህ በሩን ያንኳኳው ሰው መቆም የማይችል ሰው ነው። መሪጌታ እየተሳቡ መጥተው፣ በመቋሚያቸው ሦስት ጊዜ መቱት፤ ቀንዱ እስኪሰነጠቅ ድረስ። በተሰበረ እግር ያን ያህል የሚመታ ሰው እንዴት ያለ ጭንቅ ቢይዘው ነው?»

መቶ አለቃው ወደ በሩ ተጠጋ።

«በሩም ተከፈተ። መሪጌታ የተከፈተላቸው መስሏቸው ይሆናል። የተከፈተው ግን ሊገፈትራቸው ነው።» በሩን ከፍቶ የጠርዙን ጎማ ገለጠው። ከሥሩ የደረቀ ደም አለ፤ ደሙ ውስጥም ሽበት ፀጉር ተጣብቋል። «በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለኝ ቁስል ይኸውና። በጠርዙ ግንባራቸውን ብሎ ገደል ሰደዳቸው። በሩን በውጭ ወለወላችሁት፣ በውስጥ አቀናችሁት። እዚህ ግን የሽማግሌውን ፀጉር ይዛችሁ ስትዞሩ ነበር።»

ፊታውራሪ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«በሩን የሚከፍተው ከሥሩ የተቀመጠው ሰው ነው። ባዬ ከመሪው ሆኖ አይደርስበትም። ፊታውራሪ፣ ቀኙ የእርስዎ መሆኑን አባ ነግረውኛል።»

«ምን አሉ?» ፊታውራሪ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ? እሳቸውን በቀኜ ነው የማስቀምጥ! የነፍስ አባቱን በግራው የሚያስቀምጥ ማን አለ? እኔ ተኝቼ ነበር! ጠዋት ስርጉዱን አየሁ፣ ይቅና ብዬ አዘዝሁ፤ በቃ!»

«ምን መታው ብለው ጠየቁ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበራ!» አሉ ፊታውራሪ። እንዲህ ያለውን ነውር እንዲህ በግልጽ ሲናገሩት መስማት ያጥወለውላል።

መቶ አለቃው ወደ ቄሱ ዞረ። «ሰካራም የቱ ጋ እንደተቀመጠ ቢምል ዳኛ አይሰማውም። ስለዚህ እኔ ሌላ ምስክር ፈለግሁ፤ እርስዎን ራስዎን። ለማግስቱ ቅዳሴ ብለው ከጠላ እንኳ ታቅበው ዋሉ። እልቅናው ቀርቦልዎታል፣ መኳንንቱ ተጠርቷል። ከዚያ ግን አልገቡም። እስከ ዛሬም አልገቡም። በዳባትና በጎንደር መካከል ምን አገኘዎት? የንጹሕ ሰው ደም ያፈሰሰ እጅ መሥዋዕት አያነሣም። ፖሊስን ማታለል አልፈሩም፤ መቅደሱን ግን ፈሩ።»

«ታምሜ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ይግቡና ይቀድሱ። ሥጋውን በእጅዎ ይዘው ሕዝቡን ያቁርቡ። ያን ካደረጉ እኔ ተሳሳትሁ ብዬ ምርመራውን ፈርሜ እዘጋለሁ። ክንዱም ይሰቀላል።»

«ምነው ጌታዬ!» ብላ ሽታዬ ጮኸች።

ቄስ ወልደኢየሱስ አፋቸውን ከፈቱ። እቀድሳለሁ የምትለው አንዲት ቃል ነበረች የምታድናቸው፤ ልትወጣላቸው አልቻለችም። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት፣ ገልብጠውም አዩት። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ ወጣ።

«ደሙ እኔን አልነካኝም። በሩ ነው የነካው።»

መቶ አለቃ ቢያዝን በሕይወቱ ብዙ አስቀያሚ ነገር ሰምቷል። ይህን ሲሰማ ግን ሆዱን ይዞ ወደ አጥሩ ሄደና አስመለሰው።

ባዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። «ገዝተውኝ ነበር፣ ጌታዬ! ከተናገርህ በነፍስህም በልጆችህም ውግዝ ሁን አሉኝ። አሁን ራሳቸው ተናገሩ።»

«የኔታ ምን ይሉ ነበር?» አለች ሽታዬ ከቆመችበት። «በሩን ሲመቱ ምን ይሉ ነበር?»

«ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አላሉም» አለ ባዬ። «አባን በመስኮቱ አይተዋቸው ነበር። ‹አባቴ፣ ሳልናዘዝ አልሙት፣ ይፍቱኝ› ነበር የሚሉት። አባም ከውስጥ ‹ነገ ቀዳሽ ነኝ፣ በደም አታርክሰኝ› አሏቸው። እሳቸው ግን መምታታቸውን አልተዉም። ኋላ በሩ ተከፈተ። ከዚያ አባ ‹ንዳ› አሉኝ፤ ነዳሁ።»

ፖሊሶቹ ቄሱን ይዘው ሲወጡ ፊታውራሪ መቶ አለቃውን እጁን ያዝ አደረጉት።

«ማኪናዋን ግን ትመልሱልኛላችሁ?»

መቶ አለቃው እጁን ነጠቀና ልብሱ ላይ ጠረገው። ክንዱ ዛሬውኑ እንዲፈታ ወታደር ላከ። ከዚያ ወደ ሽታዬ ሄደ።

«በይ ሂጂ። ባልሽን ከወህኒ ቤቱ ደጅ ተቀበይው።»

ሽታዬ አልሄደችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ግቢው መካከል፣ በሩ ክፍት ከሆነችው ማኪና ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ባሌስ ወጣልኝ» አለች። «የኔታን ግን እዚህ ቤት ማንም አላለቀሰላቸውም።»

ደረቷን እየመታች ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ባዬም ከተንበረከከበት ተከተላት።